የቤቴን ግድግዳ ምን ላልብሰው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ብርዱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ሰው ቤቱን ከውጪ ማየት ይጀምራል። የተሰነጠቀው፣ የነጣው፣ ከቦታው የተነሣው ሳይዲንግ (የቤቱ የውጪ ግድግዳ ልብስ) ዓይን ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ፋይበር ሲሚንት ሳይዲንግ ነው። ብዙዎቻችሁ «ሃርዲ» የምትሉት ማለት ነው። ሃርዲ የአንድ ኩባንያ ዕቃ ነው፤ ኒቺሃና አሉራ የሚባሉም አሉ። እኔ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ግድግዳ ሳለብስና ሳራግፍ የኖርኩ አናጢ ነኝ። የማውቀውን ልንገራችሁ።

«ልዩነቱ ዋጋውን ያህል ነው ወይ?»

*ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሮጌ ቤት ገዝተን ገብተናል። ሳይዲንጉ ቪኒል ነው። ፀሐይ የሚመታው ጎን ነጥቷል፣ ባርቤኪው አጠገብ ቀልጧል፣ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ባለቤቴ «እንደገና ቪኒል እናድርግና ይብቃን» ይላል። እኔ ጎረቤታችን ያሠራችውን ሃርዲ አይቼ ልቤ እዚያ ቀርቷል። ልዩነቱ ዋጋውን ያህል ነው ወይ? — ከሲልቨር ስፕሪንግ*

እህቴ፣ መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ፋይበር ሲሚንት የሚሠራው ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከውሃና ከእንጨት ከሚወጣ ቃጫ ነው። ቃጫው ሲሚንቶውን ይይዘዋል። ከዚያ በእንፋሎትና በከፍተኛ ግፊት ይጠነክራል። ስለዚህ አይቀልጥም። እሳት አይቀጣጠልበትም። ምስጥም አይበላውም።

ቪኒል ግን ፕላስቲክ ነው። ሙቀቱ ወደ 160 ዲግሪ ፋራናይት ሲጠጋ ይለሰልሳል። የሚያቀልጠው ባርቤኪው ብቻ አይደለም። የጎረቤት አዲስ መስኮት የፀሐይን ጨረር መልሶ እናንተ ግድግዳ ላይ ሲያሳርፍ ቪኒሉ ተጨማዶ አይቻለሁ። በብርድ ጊዜ ደግሞ ይደርቃል። የልጅ ኳስ ሲመታው ይሰነጠቃል።

ባለቤትዎ ግን ከመሬት ተነሥተው አይደለም የሚናገሩት። ቪኒል ቀላል ነው፣ ቀለም አይፈልግም። ላላ ተደርጎ ስለሚሰቀል ከጀርባው የገባ ውሃ ወርዶ በታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ይህን ጥቅሙን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፋይበር ሲሚንት ውሃ ይመጥጣል። በተለይ የተቆረጠው ጫፉ። ውሃ የጠጣ ጫፍ በረዶ ሲይዘው እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገላለጣል። ስለዚህ የሚሠራው ሰው የሚያውቅ መሆን አለበት። ክብደቱም ሌላ ነገር ነው። 8 ኢንች ከሩብ ስፋትና 12 ፊት ርዝመት ያለው አንድ ቦርድ ወደ 20 ፓውንድ ይመዝናል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሥራ አይደለም። የሠራተኛው ዋጋ ከፍ የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «ሪሞዴሊንግ» የተባለው የሙያ መጽሔት በ2024 ያወጣው ግምት አለ። 1,250 ስኩዌር ፊት ግድግዳ በቪኒል ለመቀየር በአሜሪካ አማካይ ወደ 17,400 ዶላር፣ በፋይበር ሲሚንት ወደ 20,600 ዶላር ይፈጃል ይላል። ቤቱ ሲሸጥ ከወጪው ይመለሳል የተባለው ለቪኒል 80 በመቶ፣ ለፋይበር ሲሚንት 88 በመቶ ገደማ ነው። በእኛ አካባቢ የእጅ ዋጋ ውድ ስለሆነ ከዚህ በላይ ጠብቁ። የሁለቱ ልዩነት ግን ሰዎች እንደሚፈሩት የሰማይና የምድር አይደለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በዚህ ቤት ልጆች ልታሳድጉበት ካሰባችሁና ለጥሩ ባለሙያ የምትከፍሉት ካላችሁ ፋይበር ሲሚንት አድርጉ። ልብዎ ያረፈበት ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘቡ የሚበቃው ግን ለሃርዲና ለርካሽ ሠራተኛ ብቻ ከሆነ፣ ቪኒሉን በጥሩ ሠራተኛ አሠሩ። በግዴለሽነት ከተመታ ሃርዲ ይልቅ በደንብ የተሰቀለ ቪኒል ይሻላል። ይህን ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው፤ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ።

«ሦስት ዋጋ ቀርቦልናል፤ አንዱ የአገራችን ልጅ ነው»

*ሰላም ለእርስዎ። ለቤታችን የፋይበር ሲሚንት ዋጋ ከሦስት ሰዎች ጠየቅን። አንዱ በጣም ውድ ነው። ሁለተኛው መካከለኛ ነው። ሦስተኛው የአገራችን ልጅ ነው፣ ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው። «አሮጌው ላይ ደርቤ እመታዋለሁ፣ ማንሣት አያስፈልግም» ብሎናል። ግማሹን ቀብድ ይፈልጋል። ውል ስንለው «በእምነት እንሥራ» አለን። ሰው እንዳናስቀይም ፈራን። ምን ይመክሩናል? — ከጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ*

ወንድሜ፣ ዋጋዎቹን ከማወዳደርዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ሦስቱም የለኩት አንድ ዓይነት ግድግዳ ነው? በእኛ ሙያ «አንድ ስኩዌር» ሲባል 100 ስኩዌር ፊት ማለት ነው። እያንዳንዳቸው ስንት ስኩዌር ብለው እንዳሰቡ በጽሑፍ ይጠይቋቸው። አንዱ 18፣ ሌላው 24 ካለ የዋጋው ልዩነት ከየት እንደመጣ አገኙት ማለት ነው። ማሳደሻ ቀለም፣ የመስኮት ዙሪያ ትሪም፣ የአሮጌው ማንሻና ቆሻሻ መውሰጃ ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? እሱንም ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው። አሮጌው ላይ ደርቦ መምታት አልስማማበትም። ከታች ያለውን ሳያዩ ግድግዳ መዝጋት ነው። አሮጌው ሳይዲንግ ሲነሣ ነው የበሰበሰው ፕላይዉድ የሚታየው። የመስኮቱ ዙሪያ ውሃ ሲገባበት እንደነበር የሚታወቀውም ያኔ ነው። ከዚህም ሌላ ምስማሩ ስተዱን፣ ማለት ግድግዳው ውስጥ የቆመውን እንጨት፣ በደንብ መያዝ አለበት። ከታች የሚንሸራተት ፕላስቲክ ካለ ያን የሚያህል ክብደት የሚሸከመው ምንድን ነው?

ዊተን ውስጥ ወደ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ሳይዲንጉ ፋይበር ሲሚንት ነው፣ ገና አዲስ ነው፣ ቀለሙ ያምራል። የጋራዡ ጣሪያ ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ታችኛው ጥግ ላይ ግን ቡናማ እድፍ አለ። ጥቂት ቦርድ አነሣን። ከጀርባው ያለው ፕላይዉድ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ስተዱ ጠቁሯል። የጎደለችው አንዲት የታጠፈች ቆርቆሮ ናት። ኪክ አውት ይሏታል። በጣሪያው ጠርዝ የሚወርደውን ውሃ ከግድግዳው አርቃ ወደ አሸንዳው የምትወረውር ናት። ጥቂት ዶላር ብታወጣ ነው። እሷ ባለመኖሯ የጣሪያው ውሃ ሁሉ በዝናብ በዝናብ ቀጥታ ከቦርዱ ጀርባ ሲገባ ኖሯል። ባለቤቷ ለዚያች ጥግ ብቻ ያወጡት ገንዘብ ያሳዝናል። ይህን ዓይነት ጥግ ያየሁት አንድ ቤት ላይ ብቻ አይደለም። ሁልጊዜም ቦርዱ ደህና ነው፤ የሚበሰብሰው ከጀርባው ያለው ነው።

ስለዚህ ሦስቱንም ሰዎች ጠርተው ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቋቸው። «ጣሪያ ግድግዳ በሚነካበት ቦታ ሁሉ ኪክ አውት ታደርጋለህ?» ይበሏቸው። ሳይዲንጉ ከአፈሩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይጠይቁ። መልሱ ቢያንስ 6 ኢንች መሆን አለበት። ከጣሪያ፣ ከዴክና ከሲሚንቶ መሄጃ ደግሞ ቢያንስ 2 ኢንች። ሁለት ቦርድ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም ከመገጣጠሚያው ጀርባ ምን እንደሚያደርጉም ይጠይቁ። «ኮልክ (ክፍተት የሚደፍን ማሸጊያ) እሞላዋለሁ» ያለ ሰው የአምራቹን መመሪያ አላነበበም። ከጀርባ የሚገባ ቁራጭ ፍላሺንግ፣ ማለት ውሃ የሚመልስ ስስ ንጣፍ፣ ነው የሚፈለገው። ኮልክ ይደርቃል፣ ይላቀቃል። ፍላሺንጉ ግን ቦርዱ እስካለ ይኖራል።

መስኮት ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። ሃውስ ራፑ (ከሳይዲንጉ ሥር ግድግዳውን የሚጠቀልለው ውሃ መከላከያ ሽፋን) ከመስኮቱ በላይ ያለውን ፍላሺንግ ከላይ ሆኖ መሸፈን አለበት። የላይኛው ሁልጊዜ የታችኛውን ይደርባል፤ ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ተገላቢጦሽ ከሆነ ሃውስ ራፑ ውሃውን ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል። ሠራተኛው ግድግዳውን ከመዝጋቱ በፊት እርስዎ ወጥተው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። እያንዳንዱን መስኮት፣ እያንዳንዱን ጥግ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

የምስማሩም ነገር አለ። የማይዝግ ወይም በደንብ የተገለቨነ ምስማር መሆን አለበት። ሠራተኛው የስተዶቹን ቦታ አስምሮ ስተዱን እያገኘ መምታት አለበት። በአብዛኛው ቤት በስተዶቹ መካከል 16 ኢንች ነው ያለው። ላይኛው ቦርድ የታችኛውን ቢያንስ 1 ኢንች ከሩብ ይደርባል። የአየር መዶሻው ግፊት ከበዛ ምስማሩ ቦርዱን ሰንጥቆ ይገባል፤ ያ ቦርድ በንፋስ ጊዜ ይላቀቃል።

የአገራችንን ልጅ በተመለከተ። ለአገር ልጅ ሥራ ሲሰጥ ደስ ይለኛል። እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት አንድ ያገሬ ሰው ምሰሶ ስለሆነኝ ነው። ግን እምነትና ውል አይጣሉም። በሜሪላንድ የቤት እድሳት የሚሠራ ኮንትራክተር ከግዛቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የፈቃድ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፋል። ውሉ ሲፈረም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀብድ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ግማሽ ቀብድ መጠየቁ ብቻውን ችግር ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ሥራውን ቢያበላሽ ወይም ጥሎ ቢጠፋ ባለቤቱ የሚያመለክትበት የዋስትና ፈንድ ኮሚሽኑ አለው። ፈቃድ ከሌለው ሰው ጋር ከሠሩ ግን ይህ በር ዝግ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁም የኮንትራክተሩን ፈቃድ ከግዛቱ የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ማየት ትችላላችሁ።

እንዴት ትነግሩታላችሁ? በቀጥታና በአክብሮት። «ወንድማችን፣ ሥራውን ላንተ ብንሰጥ ደስ ይለናል። ፈቃድህን፣ ኢንሹራንስህን አሳየንና በጽሑፍ እንስማማ። አሮጌው ይነሣ። ዋጋው በዚሁ ልክ ይስተካከል» በሉት። ካለው ያመጣል። ዋጋው ወደ መካከለኛው ሊጠጋ ይችላል፤ ያ እውነተኛው ዋጋ ነው። የሚናደድ ከሆነ ደግሞ ያለ ውል ስንት ጭቅጭቅ ይመጣ እንደነበር አስቡት። አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም አንድ መስጊድ እየሄዱ ሰላም መባባል ያቃታቸው ሰዎች አውቃለሁ። መነሻው የቃል ስምምነት ነው።

አንድ ልጨምር። ሻጭ ቤታችሁ መጥቶ አስፈርሟችሁ ከሄደና ከተጸጸታችሁ የፌዴራሉ ሕግ 3 የሥራ ቀን የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣችኋል። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ቅናሹ ያልፋል» ለሚል ሰው አትቸኩሉ።

«ቀለም የተቀባውን ወይስ ያልተቀባውን?»

*ታውን ሃውስ ነው ያለን። ጥቁር ግራጫ ነገር አምሮኛል። ከፋብሪካ የተቀባው ይሻላል ወይስ ፕራይመር ብቻ ያለውን ገዝተን እናስቀባ? — ከዉድብሪጅ*

ከፋብሪካ የተቀባውን ይውሰዱ። ቀለሙ በምድጃ የደረቀ ነው፣ ዝናብና ጤዛ ሳይነካው ነው የተያዘው። ሃርዲ ለፋብሪካ ቀለሙ 15 ዓመት፣ ለቦርዱ ደግሞ 30 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ብቻ ያለው ከተሰቀለ በኋላ በ180 ቀን ውስጥ መቀባት አለበት። ሰው ደግሞ ገንዘቡ ሲያልቅ ቀለሙን «ለሚመጣው ዓመት» ይላል።

ጥቁርና ጥልቅ ቀለሞች ፀሐይ በሚመታው ጎን ቶሎ ይደክማሉ። መካከለኛ ግራጫ ይሻልዎታል። ከፋብሪካ በሚመጣው ማሳደሻ ብዕር የምስማር ራስና ትንሽ ጭረት ብቻ ነው የሚነካው፤ ሰፊ ቦታ ላይ ከተቀባ ከሩቅ ይታያል። የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ ግን መቀባቱን ያረጋግጡ።

ከሁሉም በፊት ኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ቀለሙን በጽሑፍ ያጽድቅልዎ። ቦርዱ ከታዘዘ በኋላ «አይቻልም» ቢሉዎት መመለሻ የለውም።

«የባለቤቴ ልብስ ነጭ አቧራ ነው»

*ጋሼ፣ እኔ ቤት ልሠራ ሳይሆን ስለ ባለቤቴ ልጠይቅዎት ነው። ሳይዲንግ ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ሃርዲ ሲቆርጥ ይውልና ማታ ፀጉሩም ልብሱም ነጭ ሆኖ ይመጣል። ልጆቹ ሮጠው ያቅፉታል። ጎረቤቴ «ያ እኮ አስቤስቶስ ነው» ብላ አስደነገጠችኝ። እሱ «ሲሚንቶ ነው፣ ምንም አይደለም» ይላል። እውነቱ የቱ ነው? — ከዴንቨር*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

አስቤስቶስ የለበትም። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ግን ልንገርሽ። ሉድቪግ ሃትሼክ የሚባል የኦስትሪያ ሰው በ1901 ሲሚንቶን ከአስቤስቶስ ጋር አደባልቆ ስስ ቦርድ የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ያ ዕቃ ዓለምን ሞላ። በኋላ አስቤስቶስ ሳንባ የሚገድል መሆኑ ታወቀ። በ1980ዎቹ አምራቾች አስቤስቶሱን አውጥተው በእንጨት ቃጫ ተኩት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ባለቤትሽ የሚቆርጠው አዲስ ቦርድ ይህ ነው። አስቤስቶስ ያለው በአሮጌ ቤቶች ላይ ነው። ከ1980ዎቹ በፊት በተሠራ ቤት ላይ አጠር ያለ፣ ደረቅ፣ ሲሚንቶ የሚመስል ሺንግል ካየ መስበርም መቁረጥም የለበትም። ተመርምሮ ፈቃድ ባለው ሰው ነው የሚነሣው።

«ሲሚንቶ ነው፣ ምንም አይደለም» የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው። ቦርዱ ውስጥ አሸዋ አለ። አሸዋ ሲሊካ ነው። በመጋዝ ሲቆረጥ ዓይን የማያየው ደቃቅ አቧራ ይወጣል። ያ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይሠራል። ሲሊኮሲስ ይባላል። መድኃኒት የለውም። የሳንባ ካንሰርም ያመጣል። ዛሬ ምንም ስለማይሰማው ደህና ነኝ ይላል፤ ይህ በሽታ የሚወጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

መከላከል ግን ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። ቦርዱን የሚቆርጥ መቀስ መሰል መሣሪያ አለ፤ አቧራ አያወጣም ማለት ይቻላል። ቀጥታ ቁርጥ ሁሉ በእሱ ይሁን። መጋዝ ግድ ከሆነ ለፋይበር ሲሚንት የተሠራ ጥርሱ ጥቂት የሆነ ምላጭና አቧራ የሚስብ ቫኪዩም ያስፈልጋል። ውጪ ይቆረጥ፤ ነፋሱ አቧራውን ከሰው አርቆ በሚወስድበት በኩል ይቁም። ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አይቆረጥ። አፍንጫው ላይ ኤን 95 ወይም ከዚያ የተሻለ ጭንብል ይሁን፤ ጨርቅና ሻሽ አያድኑም። ሥራው ሲያልቅ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፣ ልብስም በአየር ቱቦ አይነፋ።

ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ለግንባታ ሥራ የሲሊካ ደንብ አውጥቶ ከሴፕቴምበር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያስከበረ ነው። ደንቡ በሚጠይቅበት ሥራ ጭንብሉን አሠሪው በነፃ ማቅረብ አለበት። በዚህ ደንብ ምክንያት በዓመት 30 ቀንና ከዚያ በላይ ጭንብል ማድረግ ያለበት ሠራተኛ የሳንባ ምርመራም በአሠሪው ወጪ ይገባዋል። ሠራተኛ ለኦሻ አቤት ሲል ስሙ ለአሠሪው እንዳይነገር መጠየቅ ይችላል።

ቤት ሲመጣ ደግሞ ይህን አድርጉ። የሥራ ልብሱን በር ላይ ወይም ጋራዥ ውስጥ ያውልቅ። አታራግፉት። ለብቻው ይታጠብ። ገላውን ታጥቦ ከወጣ በኋላ ልጆቹን ያቅፍ። ሐኪም ጋ ሲሄድም «ሲሊካ ያለበት ቦርድ እቆርጣለሁ» ብሎ ይናገር፤ ሐኪሙ ካልተነገረው አይጠይቅም።

ቤታችሁን የምታሠሩ አንባቢዎችም ይህን ልብ በሉልኝ። ግቢያችሁ ውስጥ የሚቆርጠው ልጅ ጭንብል እንዳለው ተመልከቱ። ከሌለው ኮንትራክተሩን ጠይቁት። ያ ልጅም የአንድ ቤት አባት ነው።

«ቤታችንን ያሞቀዋል?»

*የምንኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ብርዱን ያውቁታል። ፋይበር ሲሚንት ብናለብሰው የጋዝ ቢላችን ይቀንሳል? — አንባቢ*

ቦርዱ ብቻውን አይቀንስም። ውፍረቱ 5/16 ኢንች ነው፤ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ኢምንት ነው። ግድግዳው ተገልጦ እያለ ግን ጥሩ ዕድል አለ። ሃውስ ራፑ በደንብ ተለጥፎ ንፋስ የሚገባበት ይዘጋ። በጀት ካለ ከቦርዱ ጀርባ ፎም ይግባ፤ ሃርዲ በላዩ ላይ በቀጥታ እንዲመታ የሚፈቅደው እስከ 1 ኢንች ውፍረት ነው። ከዚያ በፊት ግን አቲካችሁን (ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍት ቦታ) ለባለሙያ አሳዩ። ሙቀቱ የሚያመልጣችሁ በላይ ከሆነ የአቲክ ኢንሱሌሽን በጣም ባነሰ ገንዘብ ይጠቅማችኋል። ቦርዱን ስታዝዙ ደግሞ ለበረዶ አገር የተሠራውን ጠይቁ። ሃርዲ ለሚቀዘቅዝ አካባቢ ኤችዜድ 5፣ ለሞቃትና ርጥብ አካባቢ ኤችዜድ 10 ብሎ ለይቶ ያመርታል።

«ለአዲስ አበባው ቤቴ በኮንቴይነር ልላክ?»

*ዳላስ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ቤት እያሠራሁ ነው፤ ግድግዳው በብሎኬት ተነሥቷል። እዚህ የማየው ሳይዲንግ በጣም ስለሚያምረኝ በኮንቴይነር ልልክ አስቤያለሁ። ያዋጣል? — አንባቢ*

ወንድሜ፣ አይላኩ። አሜሪካ ውስጥ ሳይዲንግ የሚለበሰው ግድግዳው እንጨት ስለሆነ ነው። እንጨቱን ከዝናብ የሚጠብቅ ልብስ ያስፈልገዋል። የእርስዎ ግድግዳ ብሎኬት ነው። በሚገባ ከተለሰነና ጥሩ የውጪ ቀለም ወይም ኳርትዝ ከተቀባ ሌላ ልብስ አያስፈልገውም። ቦርዱ ከባድ ነው፣ በመንገድ ላይ ጫፉ ይሰበራል፣ የኮንቴይነሩ ዋጋ ክብደቱና ቀረጡ ሲደመር ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል። ደርሶም በብሎኬቱ ላይ በቀጥታ አይመታም፤ በመጀመሪያ ግድግዳው ላይ ሞራሌ ወይም ብረት ተደርድሮ ነው የሚሰቀለው። አንድ ቦርድ ቢሰበር መለወጫውን የሚያገኙት ዳላስ ነው።

ውበቱን ከፈለጉ ፊት ለፊት ያለውን አንድ ግድግዳ ብቻ በአገር ውስጥ ድንጋይ ያስለብሱ። የተቀረውን ገንዘብ ውሃ ላይ ያውሉት። የአዲስ አበባ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ግድግዳ የሚያበላሸው በሦስት በኩል ነው። ጣሪያው ከግድግዳው በበቂ አይወጣም፣ አሸንዳው ይጠብባል፣ ከመሬት የሚፈናጠረው ውሃ ደግሞ ልስኑን ከታች ይበላዋል። ስለዚህ ጣሪያው ከግድግዳው ሰፋ ብሎ ይውጣ። አሸንዳውና የውሃ መውረጃ ቱቦው በቁጥርም በስፋትም በቂ ይሁን፤ ቱቦው የሚያወርደው ውሃ ከቤቱ ርቆ ይሂድ። ዞኮሎው ከፍ ብሎ በድንጋይ ይሸፈን። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጪ ያዘንብል፤ ከሥሩም ውሃ የሚያንጠባጥብ ቦይ ይኑረው። መሐንዲሱን ልስኑ ከመጀመሩ በፊት ስለ እነዚህ አራት ነገሮች ይጠይቁት። ልስን ከተለሰነ በኋላ ጣሪያ ማስፋት ማፍረስ ነው።